ሸጊት የምትቆምባቸው ኩርባዎች

ባለፈው ሰሞን ከቅዳሴ ስወጣ በደብራችን በር ላይ አንድ ወጣት ላስቲክ አንጥፎ ከእንጨት የተቀረጹ ትንንሽ መስቀሎችና ማተቦች ሲሸጥ አገኘሁ። ጎሬ ዝናብ አያጣምና እኩሌታውን በሌላ ላስቲክ ሸፍኖታል። እኔ መስቀል አይቼ ማለፍ አልችልም። ጎንበስ ብዬ አንዱን ሳገላብጥ «ውሰዱት እማየ፣ የወይራ ነው፣ በዋጋ አንጣላም» አለኝ። ያችን «እማየ» ስሰማ መስቀሉን እንደያዝሁ ቀና አልሁ። እዚህ አገር ቃሉን እንደዚያ አድርጎ የሚያሳርፍ ሰው የለም። «የየት አገር ልጅ ነህ?» አልሁት። «የላስታ።» «ከላስታስ?» «ከላሊበላ ነኝ፤ አስጎብኚ ነበርሁ። በሽታው መጣና እንግዳው ቀረ፤ በሽታው አለፈ ስንል ደግሞ ጦርነቱ መጣ። ሆቴሉም በሩን ዘጋ፣ እኔም አጎቴን ተከትዬ እዚህ ጭቃ ላይ ወደቅሁ።» እዚሁ ሥራ ይዞ ቢቀመጥ ምን እንደሚከፋው ብጠይቀው ሳቀ። «ኧረ ምን በወጣኝ እማየ! ከገና በኋላ ይመጣሉ እየተባለ ነው።»

ሁለት መስቀል ገዛሁና መንገዴን ቀጠልሁ። የማን ልጅ እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቀው ነው የሄድሁት። እሱ ባያውቅም ያችን «ይመጣሉ» የምትል ቃል እኔ በልጅነቴ ጠዋት ማታ ሰምቻታለሁ። አባቴ «ከመስቀል በኋላ ይመጣሉ» ይል ነበር፤ ልዩነቱ በዓሉ ብቻ ነው። ነፍሱን ይማረውና አባቴ፣ ሰዉ አያ ታደለ የሚለው፣ በቅሎ አከራይ ነበር። ላሊበላን ሊያዩ የሚመጡ ፈረንጆችን በበቅሎ አስቀምጦ፣ ልጓሙን በእጁ ይዞ፣ ከፊት ከፊት እየሄደ አሸተን ማርያም ያወጣቸዋል። ሰንበት ብሎ የሚቆይ እንግዳ ሲገኝ ደግሞ እስከ ይምርሐነ ክርስቶስ ይወስዳል።

በደጉ ጊዜ ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ሲጠነክር አውሮፕላኑ ማረፍ ይጀምራል። ድምፁ ከተራራው ጀርባ ገና ሲሰማ ከተማው እንዳለ ይነሣል። የመስቀል ሻጩ ዕቃውን ያነጥፋል፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የእንግዳ ጫማ የሚጠብቁት ቦታቸውን ይይዛሉ፣ በቅሎ ያለው ይጭናል። የአባቴ ወረፋ ከሆቴሉ በር ወረድ ብላ ካለችው ግራር ሥር ነበረች። ፈረንጅ ጠዋት ጠዋት እንቁላል ይበላል የሚለው ወሬ ከተሰማ ወዲህ የከተማው ልጅ እንቁላል መብላት ተወ፤ ዶሮ የጣለችው እንቁላል ሁሉ ወደ ሆቴሉ ይወጣል። በአንድ ብር ሃያ ይገኝ የነበረው አሥር ብቻ ሆነ። እናቴ ዘርፌ ያን ጊዜ ስንደዶና አክርማ ገዝታ ትንንሽ ሞሰቦች ትሰፋ ነበር፤ የሻይ ሲኒ የማይገባባቸው ሞሰቦች። ጎረቤቶች «ዘርፌ፣ ይኼ ለጉንዳን ሰርግ ነው?» እያሉ ይስቁባታል፤ ፈረንጆቹ ግን በሻንጣቸው የሚገባውን እሱን ነበር የሚፈልጉት። እኔም ከሞሰቦቹ ገንዘብ የመጀመሪያውን ኮንጎ ጫማና አበባ ያለበት ቴትሮን ቀሚስ ለበስሁ። ቀሚሱ ክንዴ ሥር ይከረክረኛል፤ ግን ቅዳሜ ገበያ ስወርድ አላወልቀውም።

አባቴም ዝንጥ ያለ ሰው ነበር። አራት ኪስ ያለው ካኪ ኮት፣ አንድ እንግዳ የሰጠው አረንጓዴ የሱፍ ቆብ፣ አንድ መስታወቱ የተሰነጠቀ ጥቁር መነጽር ነበረው። የእንግዶቹን ፊልም መያዣ ትንንሽ ጥቋቁር ቀፎዎች ለቅሞ ያመጣል። እናቴ በአንዱ ኩል፣ በአንዱ ጨው፣ በአንዱ ከቤተ ማርያም ያመጣችውን እምነት ታስቀምጥባቸው ነበር። ክዳናቸው እንዴት እንደሚገጥም! ዛሬ በስንት ብር የሚገዛ ዕቃ እንደዚያ አይገጥምም። የሆቴሉ ዘበኛ ሬዲዮኑን አጥር ላይ ሰቅሎ ዘፈን ያሰማል። ዘፈን ማስታወስ ለእኔ ዕድሜ የሚገባ ባይሆንም፣ ይቅር ይበለኝና፣ ውኃ ቀድቼ ስመለስ እንስራዬን አዝዬ ዘፈኑ እስኪያልቅ አጥሩ ጥግ እቆም ነበር።

በቅሎዋ ሸጊት ትባላለች። ዳማ ናት፣ ዓይኗ ትልቅ፣ ጠባይዋ የመነኩሴ። ሰው ሲወጣባትም ሲወርድባትም አትነቃነቅም። የአሸተን ዳገት እንደምታውቁት ገደል ገደሉን እየታከከ የሚወጣ ነው፤ ከተማው በደንብ የሚታይባቸው ሦስት ኩርባዎች አሉት። አባቴ እያንዳንዱ ኩርባ ላይ ሲደርስ ይቆምና በእጁ ወደ ታች እያሳየ «ስቶፕ! ፎቶ!» ይላል። ሸጊትም ጎኗን ለገደሉ ሰጥታ ቀጥ ትላለች። እንግዳው ከላይዋ ሆኖ ፎቶውን ያነሣል፣ ይደሰታል፣ ሲወርድም ከኪራዩ በላይ ጉርሻ ይጨምራል። ኪራዩ ሁለት ብር፣ ጉርሻው ግን እንደ ሰዉ ነበር። አባቴ «ኪራዩን የምትሠራው ሸጊት ናት፣ ጉርሻውን የሚሠሩት ኩርባዎቹ ናቸው» ይል ነበር። ዓመት ከዓመት እንዲህ ሲወጡና ሲወርዱ የሁለቱም እግር አንድ ሆነ።

አሁን ሳስበው የሚያስጨንቀኝ ሸጊት የተገዛችበት ነው። አባቴ አንድ በሬ ነበረው፤ ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጀ ያርሳል። እንግዳው ሲበዛ በሬውን ሸጦ ሸጊትን ገዛ፣ መሬቱንም ለእኩል አራሽ ሰጠ። ሽማግሌዎቹ «ተው ታደለ፣ በሬ የሸጠ ሰው ደጁን ሸጠ» ቢሉት «የኔ እርሻ በአውሮፕላን ነው የሚመጣው» ብሎ አሳቃቸው። እሱ ብቻ አልነበረም። የማረሻ ብረት የሚሠራው ሰው ጌጥ መስቀል መቅረጽ ያዘ፣ ጥጥ የምትፈትለው ሞሰብ ትሰፋለች። ከተማው እንደ ሸጊት ጎኑን ለሚመጣ ሰው ሰጥቶ ቆመ። ጥንት ግን እንግዳ ለእኛ ሌላ ነገር ነበር። ገና ሲደርስ ከሩቅ አገር በእግራቸው የሚመጡትን ተሳላሚዎች እናቴ ውኃ አሙቃ እግራቸውን ታጥባለች፣ ያለውን ታቀርባለች፤ ዋጋ የሚጠይቅ የለም። ሁለቱን ዓይነት እንግዶች በአንድ ቤት እየተቀበልናቸው መቼ አንዱን በሌላው እንደለወጥነው አላውቅም።

ከዚያ ዘመኑ የሆነውን ሆነ። አውሮፕላኑ መጀመሪያ አንድ ሳምንት ቀረ፣ ቀጥሎ ወር። መንገደኛ ሁሉ የይለፍ ወረቀት ተጠየቀ። በተራራው ወዲያና ወዲህ ተኩስ አለ ተባለ። አንድ ቀን የሞተር ድምፅ ሰምተን ወደ ሆቴሉ በር ስንሮጥ ድምፁ የለመድነው አልነበረም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፅ ስንሰማ ወደ ዋሻው ሆነ የምንሮጥ። ሆቴሉ ወታደር ገባበት፣ እንቁላል የሚገዛም ጠፋ። የእናቴ ሞሰቦች ግድግዳው ላይ ተደርድረው ቀሩ። አንዱም ለእኛ እንጀራ አይሆንም።

ዝናቡም እንደ እንግዶቹ ቀረ። እኩል አራሹ ዘር አጥቶ ወደ ቆላ ተሰደደ። ቤታችን ገብስ በጣሳ፣ ቀጥሎ በእፍኝ ሆነ። ታናሽ ወንድሜ ሞላ ያን ጊዜ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ሮጦ የማይደክም ልጅ በር ላይ ተቀምጦ ዝንቡን እንኳ እሽ ማለት ተወ። እናቴ በየቀኑ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትል። «ሸጊት ትሸጥ።» አባቴም አንድ መልስ ነበረው።

«ከመስቀል በኋላ ይመጣሉ።»

«ማን ነገረህ?»

«የሆቴሉ ዘበኛ።»

«እሱማ ከሆቴሉ ደመወዝ ካየ ስንት ጊዜው! ታደለ፣ መስቀል ለሞላ ሩቅ ነው።»

«አሁን ሸጥኋት፤ ሲመጡ በምን ልቀበላቸው? በሬ የለኝ፣ በቅሎ የለኝ። ምን ልባል ነው? ታደለ ምኑ ልባል?»

እናቴ ሞላን አንሥታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለትና ወጣች። አባቴ ልጁን እንደ እንግዳ ዕቃ ይዞት ቀረ።

በዚያው ሰሞን በቅዳሜ ገበያ ሰይድ የሚባል ነጋዴ መጣ። ከመኪና መንገድ ዳር ካለ ከተማ ነው፤ ጢሙን በሂና ያቀላ፣ ድምፁ ከገበያው በላይ የሚሰማ ሰው። መኪና መውጣት ስለቀረ ማሽላውን በአጋሰስ እያስጫነ ኩልመስክ በሚሉት አገር በኩል ያወጣል። ከእንስሶቹ ገሚሶቹ በመንገድ አልቀውበት በቅሎ ይፈልጋል፤ የሚከፍለውም እዚያው በእህል ነው። በዚያ ጊዜ በእህል የሚከፍል ሰው ማለት ምን እንደሆነ ያላየው አይገባውም። እናቴ አባቴን ሳታማክር ሄዳ ቤታችን ይዛው መጣች።

ሰይድ ሸጊትን ዞሮ ዞሮ አያት። ጥርሷን አየ፣ ኮቴዋን አነሣ፣ ጀርባዋን ዳሰሰ። «ማሻ አላህ! እንዲህ ያለች እንስሳ በዚህ ዓመት አላየሁም። ሦስት ጭነት ማሽላ እሰጣለሁ። ግን አያ ታደለ፣ ዳገት ላይ ሳላያት አልወስድም። የኔ መንገድ በአሸተን በኩል ነው፤ እዚያ ላይ የምትለግም በቅሎ የኋለኞቹን ሁሉ ገደል ትጨምርብኛለች።» አባቴ «እሷ ልግም አታውቅም» አለ። ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረ። እንግዲህ ሊሸጥ ነው ብዬ እናቴን አየኋት፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፣ ውዳሴ ማርያም እየደገመች ነው።

ሁለት ከረጢት ማሽላ ጭነንባት ወጣን። አባቴ እንደ ልማዱ ልጓሙን ይዞ ከፊት፣ ሰይድ ከኋላ፣ እናቴና እኔ ከእሱ ቀጥለን፤ ሞላ በእናቴ ጀርባ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ስንደርስ ሸጊት ጎኗን ለገደሉ ሰጥታ ቀጥ አለች።

«ምን ሆነች?» አለ ሰይድ።

«ምንም» አለ አባቴ። «ሂጅ!»

ሄደች። ሁለተኛው ኩርባ ላይ፣ የወይራዋ ዛፍ ያለችበት፣ ደግማ ቆመች። ሰይድ ጎንበስ ብሎ አራቱንም እግሯን መረመረ። «ኮቴዋ ደኅና ነው። ትንፋሿም ደኅና ነው። ያ ረቢ፣ ምን ታይቷት ነው?» ጭንቅ ሲለኝ እኔ ነኝ የተናገርሁት። «የፎቶ ቦታ ነው» አልሁ። ሰይድ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ዱላውን ጥሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና እስኪያስለው ሳቀ። «ፎቶ! ይች በቅሎ ፈረንጅ ሆናለች እኮ! እኔ የምጭናት ማሽላ ነው አያ ታደለ፣ ማሽላ ፎቶ አይነሣም!» አባቴም ሊስቅ ሞከረ፤ ፊቱ አልታዘዘውም።

ሰይድ ሳቁ ሲያልፍለት ዓይኑን ጠርጎ ተነሣ። አሁን የሚናገረው እንደ ነጋዴ ነበር። «እውነቱን ልንገርህ፣ አዝናለሁ። ከኋላዋ አሥራ ምናምን አጋሰስ ይከተላል። እሷ እዚህ ገደል አፋፍ ላይ ቀጥ ስትል የኋለኛው ይገፋታል። አይሆነኝም። አላህ ሌላ ገዢ ይስጥህ።» ማሽላውን ሊያራግፍ ገመዱን ያዘ። የአባቴን ፊት ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እንዳዘነ ሰው አልነበረም። ሸክም እንደወረደለት ነበር።

እናቴም አየችው መሰለኝ። ሞላን ከጀርባዋ አውርዳ ለእኔ ሰጠችኝ፣ መቀነቷን አጠበቀች፣ ሄዳ በአባቴ ፊት ቆመች። «ልጓሙን ስጠኝ» አለች።

«ምን ልታደርጊ?»

«ስጠኝ ታደለ።»

ሰጣት። «አያ ሰይድ፣ ስለ ነቢዩ ብለህ አንዴ ተመልከት» አለችና ወደ ታች መልሳ ከመጀመሪያው ኩርባ በታች አወረደቻት። ከዚያ ልጓሙን በትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሳታይ፣ ለወፍጮ እንደምትሄድ ሴት ሽቅብ ወጣች። ሸጊት ጆሮዋን አንዴ ወደ ገደሉ ጣል አደረገች፣ ኩርባውን አለፈች። ሁለተኛውንም፣ እኛ የቆምንበትን፣ አለፈች፤ የእናቴ ትንፋሽ በአጠገባችን ሲያልፍ ሰማሁት። ሦስተኛውን አልፋ ከላይ ወደ አሸተን ማርያም ከሚያስገባው ዋሻ አፍ ላይ ነበር ዞር ብላ ያየችን።

ለካስ በቅሎዋ አልነበረችም። የሚቆመው አባቴ ነበር። ኩርባው ላይ ሲደርስ እግሩ ይዝላል፣ ልጓሙ ይላላል፣ ትከሻው ወደ ከተማው ይዞራል፤ ሸጊት የምትሰማው ያንን ነው። ሰይድ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ አባቴ አየ። አሁን አልሳቀም። «አብሽር፣ አይዞህ» አለው ቀስ ብሎ፣ እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ።

አባቴ አውቆ አድርጎት ይሁን ሳያውቅ፣ እናቴን በእርጅናዋ እዚሁ ጎሬ ላይ ጠይቄያታለሁ። በኋላ በሰፈራ መጥተን፣ አገሩ አገራችን ከሆነ በኋላ ማለቴ ነው። «እግሩ ነው እንጂ እሱ አይደለም» አለችኝ። «እግሩን ግን ማን አዘዘው ብትይኝ አላውቅም። ፈራጁ እግዚአብሔር ነው።» እኔም አልፈርድበትም። አንድ ሰው በሬውን ሸጦ፣ መሬቱን ለቆ፣ ሥራው ሰው መጠበቅ ብቻ ከሆነ፣ መጠበቁን ንጠቁት ማለት ምን ማለት እንደሆነ እያደር ነው የገባኝ። ያን አስጎብኚ ልጅም ላስቲኩ ላይ ተቀምጦ ሳየው ልሰብከው አልደፈርሁም። ምን ልበለው? አይመጡም ልበለው? በኋላ መጥተው የለ! እሱም የተወለደው በመጡበት ዘመን ነው። ጭንቁ በሚመጡበትና በሚቀሩበት መካከል ሕፃን ምን ይበላል የሚለው ነው።

ሦስቱ ጭነት ማሽላ በቤታችን በር ገባ። እናቴ ግን በዚያ አላበቃችም። ሰይድ ሊሰናበት ሲነሣ በር ላይ ቆመችና «እሱንም ውሰደው» አለች። «ማንን?» «ታደለን። በቅሎ የሚያውቅ ሰው አጥተሃል። በየጉዞው በእህል ትከፍለዋለህ።» አባቴ ከተቀመጠበት «እኔ አጋሰስ ነጂ አይደለሁም» አለ። «ምን እንደሆንህ እኔ አውቃለሁ» አለች እናቴ፣ «የሞላ አባት ነህ።» ሰይድ መሬት መሬት አየ፣ ጢሙን አሻሸ፤ «ሰኞ ጠዋት እንነሣለን» ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለውን ዓመት የኖርነው አባቴ ከሰይድ ከተማ ከወልድያ እየተመላለሰ ባመጣው እህል ነው። ሞላ ዛሬ አምስት ልጆች አሉት። ይህን የምለው ማንም ሳይጨነቅ የዚያን ሰኞ ነገር እንዲሰማኝ ነው።

ሰኞ ጠዋት አጋሰሶቹ ተሰልፈው ከሰፈራችን በላይ ወጡ። ሸጊት መካከል ላይ ነበረች፣ ሰይድ ማሽላውን ሸጦ ስለሚመለስ የሱን ባዶ ከረጢቶችና የሌላ ነጋዴ ማር ጭናለች። አባቴ ኮቱን አልለበሰም። ልጓም አልያዘም፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከበቅሎ ኋላ ይሄድ ነበር፣ አለንጋውን እንዴት እንደሚይዘው እንኳ ገና እጁ አላወቀውም። እናቴ፣ እኔና ሞላ ደጃችን ላይ ቆመን እናያለን። መጀመሪያው ኩርባ ላይ አጋሰሶቹ አለፉ፣ ሸጊትም አለፈች። አባቴ ቆመ። ጎኑን ለዳገቱ ሰጥቶ ወደ ከተማው ዞረ። «አባባ ቆመ!» ብዬ ልጣራ ስል እናቴ አፌን በመዳፏ ያዘችኝ። «አትጥሪው የሺ። ራሱ ይነሣ።» ከላይ የሰይድ ድምፅ ተሰማ። «ኧረ ታደለ! ወላሂ ጥለንህ ሄድን!» እናቴ መዳፏን ከአፌ ላይ አላነሣችም። ከስንት ጊዜ በኋላ አባቴ ሄደ። ወይራዋ ጋ ደግሞ ቆመ፣ ግን ያን ጊዜ ቶሎ ተነሣ።

ሦስተኛው ኩርባ ከደጃችን አይታይም።